14 ካርቶን መጽሔት ተረከብኩ፦ የሞዴል ባቡር መጽሔቶች አንባቢ የት ሄደ?

ሐዲድ87 (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ባለፈው ወር ጎረቤቴ ቤቱን ሸጦ ልጁ ጋ ሊኖር ሄደ። ዕድሜው ሰማንያን አልፏል። ሞዴል ባቡር፣ ማለትም እውነተኛውን ባቡር አሳንሶ መሥራት፣ ያስተማረኝ እሱ ነው። ከ11 ዓመት በፊት በረዶ ልጠርግለት ሄጄ፣ ቡና ጠጣ ብሎ አስገባኝና ቤዝመንቱን (ምድር ቤቱን) አሳየኝ። ለገሃር አካባቢ ነው ያደግኩት። የባቡር ድምፅ የልጅነቴ ድምፅ ነው። እዚያ ቤዝመንት ውስጥ ትንሿ ባቡር ዋሻ ውስጥ ገብታ ስትወጣ ልቤ ቀለጠ።

ሲሄድ ባቡሮቹን በሙሉ ሸጠ። መጽሔቶቹን ግን የሚፈልግ ጠፋ። 14 ካርቶን ናቸው። ቤተ መጻሕፍት ጠየቅን፣ አንቀበልም አሉ። የአሮጌ ዕቃ ሱቅም አልፈለገም። "በነጻ፣ መጥታችሁ ውሰዱ" ብለን ኢንተርኔት ላይ ለጠፍን። አንድም ሰው አልደወለም። ሊጥላቸው ሲል አላስችለኝ ብሎ ወሰድኳቸው።

አብዛኞቹ ሞዴል ሬይልሮደር የሚባለው መጽሔት ናቸው። አል ካልምባክ የሚባል ሰው ነው በጥር 1934 ሚልዋኪ ከተማ የጀመረው። አሜሪካ ያኔ ከባድ የኢኮኖሚ ቀውስ ውስጥ ነበረች። ሥራ የሌለው ሰው ሞልቶ በነበረበት ጊዜ ስለ ትንንሽ ባቡሮች መጽሔት ማውጣት እብደት ይመስል ይሆናል። ግን ያዘ። በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ከተማ የሞዴል ባቡር ሠሪዎች ብሔራዊ ማኅበር ተመሠረተ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ መጽሔቱ በየወሩ ከ200 ሺህ ቅጂ በላይ ይሸጥ ነበር።

ይህን ከየት አመጣኸው ትሉኝ ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ በመጽሔት ታሪፍ በፖስታ የሚላክ መጽሔት በየዓመቱ ለፖስታ ቤት ቅጽ ይሞላል። የሞላውንም መጽሔቱ ላይ የማተም ግዴታ አለበት። ስንት ታተመ፣ ስንት ተመዝጋቢ አለ፣ ስንት ሱቅ ውስጥ ተሸጠ፣ ስንቱ ሳይሸጥ ተረፈ። በደቃቅ ፊደል፣ ወደ መጨረሻው ገጽ አካባቢ ይቀመጣል። እኔ ካርቶኖቹን ከፍቼ የየዓመቱን ሰንጠረዥ እያወጣሁ ጋራዥ መሬት ላይ ደረደርኩ። አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጀብኝ። ቁጥሩ እንደ ደረጃ ይወርዳል። አሁን ከዚያ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ውፍረቱ ራሱ ይናገራል። የ1990ዎቹ የታኅሣሥ እትም እጅ ላይ ይከብዳል፤ የቅርቦቹ እንደ በራሪ ወረቀት ይቀላሉ።

በግንቦት 2024 ደግሞ ካልምባክ ኩባንያ ከ90 ዓመት በኋላ መጽሔቱን ሸጠው። ገዢው ቴነሲ ውስጥ ቻታኑጋ ያለ ፋየርክራውን የሚባል ድርጅት ነው። ከ1940 ጀምሮ የሚወጣው ትሬይንስ መጽሔትም አብሮ ተሸጠ። የጓሮ ባቡሮችን የሚመለከተው የካልምባክ መጽሔት ግን ለሽያጭ እንኳ አልደረሰም፣ በ2020 ቆሟል። ተፎካካሪያቸው ሬይልሮድ ሞዴል ክራፍትስማንም አሳታሚው በ2014 ሲዘጋ ሌላ ድርጅት ደርሶ ነው ያተረፈው።

እዚህ መድረክ ላይ የሞዴል ባቡር ሰዎች እንዳለን አውቃለሁ። አንባቢው የት ሄደ? ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያው ራሱ እየሞተ ነው ወይስ መጽሔቱ ብቻ? የምታዩትን ንገሩኝ።

ኤልቤ_ዳር (ሐምቡርግ)

ሰላም ሐዲድ። እኔ ባቡር አልሠራም፣ ማየት ግን እወዳለሁ። ልጆቼን ይዤ ሚኒያቱር ቩንደርላንድ የሚባለው የሞዴል ባቡር ማሳያ ስንት ጊዜ እንደሄድኩ አላስታውስም። የከፈቱት የብራውን መንትያ ወንድማማቾች ናቸው፣ ነሐሴ 2001። አሮጌ የወደብ መጋዘን ውስጥ ነው ያለው። ዛሬ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ አለው። ቅዳሜ ቀድመህ ቲኬት ሳትይዝ ከሄድክ ሰልፉ ሰዓታት ይፈጃል። እስካሁን የጎበኘው ሰው በሚሊዮን ነው የሚቆጠረው።

ስለዚህ ሰው ባቡር መውደድ አቁሟል የሚለውን አልቀበልም። ግን ያ ሁሉ ሰው ወጥቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ስንቱ ሐዲድ ይገዛል? ሞዴል ባቡር የሚያመርተው ማርክሊን ከ1859 ጀምሮ ያለ ኩባንያ ነው፣ እሱ እንኳ በየካቲት 2009 መክፈል አቅቶት ፍርድ ቤት ገባ። በኋላ ዳነ፣ በ2013 የአሻንጉሊት ነጋዴ ቤተሰብ ገዛው። እዚህ የሚሠሩት ጡረተኞች ናቸው፣ የሚያዩት ደግሞ ልጆች። መሃል ያለው ሰው ነው የጠፋው። ሠላሳና አርባ ዓመት ላይ ያለው ሰው ምድር ቤት ያለው ቤት አይከራይም፣ አቅሙ አይፈቅድማ።

ፒክሰል (ዳላስ)

ብሮ ጽሑፉ ደስ ይላል ግን እውነቱን ልናገር። እኔ 26 ዓመቴ ነው። ሞዴል ባቡር እሠራለሁ፣ በኤን ስኬል፣ ማለትም በ160 እጥፍ ያነሰ። አፓርታማ ውስጥ በር በሚያህል ጣውላ ላይ ነው ያለኝ። አንድም መጽሔት ገዝቼ አላውቅም።

ሽቦ መበየድ የተማርኩት ከዩቲዩብ ነው። እጁን አየዋለሁ። ሊዱ ሲቀልጥ አየዋለሁ። ካልገባኝ መልሼ አጫውታለሁ። መጽሔት ላይ አንድ ፎቶና ሁለት አንቀጽ ነው፣ ቀሪውን ገምት ነው የሚሉህ። የጎደለኝን የጣቢያ ቤት በኮምፒውተር ነድፌ በስሪዲ ፕሪንተር አተምኩት። ይሄን የጠየቅኩት ዲስኮርድ የሚባል የኢንተርኔት መወያያ ላይ ነው፣ በ10 ደቂቃ መልስ አገኘሁ። መጽሔት ብጠይቅ ኖሮ በስንት ወር ነው የሚመልሱልኝ?

ደግሞ አንድ ጊዜ ሱቅ ውስጥ አገላብጬ አይቻለሁ። ግማሹ ትልቅ ቤት ላለው ሰው የተጻፈ ነው። እኔን አያውቁኝም። ያላወቀኝን ለምን ልክፈል?

ማታ_ፈረቃ (በርሚንግሃም)

እኔ አውቶቡስ ነው የምነዳው። እንግሊዝ ውስጥ ያለውን ልንገራችሁ።

እዚህ ትልቁ ሬይልዌይ ሞዴለር ነው። ከጥቅምት 1949 ጀምሮ አለ። ዴቨን ውስጥ ቢር ከምትባል የባሕር ዳር መንደር ነው የሚወጣው። ባለቤቱ ፔኮ ነው፣ የሞዴል ሐዲድ የሚያመርተው ኩባንያ። ይህን ልብ በሉት። መጽሔቱ ብቻውን ባያተርፍ እንኳ የሚያነበው ሰው ነገ ሐዲድ ይገዛል። ሌሎቹ መጽሔቶች እንዲህ ዓይነት ወላጅ የላቸውም። ከአንባቢና ከማስታወቂያ በሚያገኙት ነው የሚኖሩት።

ማስታወቂያው ደግሞ ተሰደደ። ድሮ የትልልቅ ሱቆች ማስታወቂያ ገጽ በገጽ የዋጋ ዝርዝር ነበር፣ በጉንዳን ፊደል። ሰው መጽሔቱን የሚገዛው ለዚያም ጭምር ነበር። ምን ገባ፣ ስንት ነው፣ ማን አረከሰ። ሱቆቹ ድረ ገጽ ሲከፍቱ ያ ገጽ አለቀ። ከዚያ ሱቆቹም ራሳቸው መዝጋት ጀመሩ። በ1946 ሊቨርፑል የተከፈተው ሃተንስ በ2024 መጀመሪያ ልንዘጋ ነው ብሎ ሲያስታውቅ እዚህ ሰው ዘመድ እንደሞተበት ነው የሆነው።

ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ኅዳር 2023፣ የዎርሊ ክለብ የሞዴል ባቡር ኤግዚቢሽን ለመጨረሻ ጊዜ ተካሄደ። የአገሪቱ ትልቁ ነበር። ፈረቃዬን ቀይሬ ሄድኩ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ መተላለፊያ የለም። የተዘጋው ሰው ጠፍቶ አይደለም። ያን የሚያህል ዝግጅት የሚሸከሙት በጎ ፈቃደኞች አርጅተውና ደክመው ነው። መጽሔቱም ላይ የሆነው ይሄው ይመስለኛል። ተመልካች አለ፣ ተሸካሚ የለም።

ሐዲድ87

ማታ ፈረቃ፣ "ተሸካሚ የለም" ያልከው ሌሊቱን ሙሉ ሲያብሰለስለኝ አደረ። ወደሱ እመለሳለሁ።

ፒክሰል፣ ስላንተ መጀመሪያ። የምትለው ብዙው ልክ ነው። እጅ ማየት ከማንበብ ይበልጣል፣ ስለ ብየዳ አልከራከርህም። ግን የደረሰብኝን ልንገርህ። ከሦስት ዓመት በፊት ሐዲዴን አዙሬ ወደ ራሱ የሚመለስ ቀለበት አደረግኩ። ባቡሩ ገብቶ ዞሮ በመጣበት መስመር ይመለሳል። አንድ ቪዲዮ ተከትዬ ሠራሁት። ባቡሩ ቀለበቱ ጋ ሲደርስ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። ደጋግሜ ሞከርኩ። በመጨረሻ አንድ ሎኮሞቲቭ ውስጥ ያለው ዲኮደር፣ ሞተሩን የሚቆጣጠረው ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ክፍል፣ ተቃጠለ። ለልደቴ ልጄ የገዛችልኝ ነበር።

ጎረቤቴ መጥቶ አንዴ አየና ካርቶን ከፈተ። አንድ አሮጌ እትም አወጣ። አንድ ገጽ ሥዕል ነው። ሐዲዱ ዞሮ ሲመለስ የግራው ሐዲድ ከቀኙ ጋር ይገናኛል፣ ስለዚህ ሾርት ያደርጋል። መፍትሔው ቀለበቱን በሁለቱም ጫፍ፣ ሁለቱንም ሐዲድ ቆርጦ ማለያየትና ለቀለበቱ ለብቻው፣ ዋልታው የሚገለበጥ ኤሌክትሪክ መስጠት ነው። የቪዲዮው ሰው አንዱን ሐዲድ ብቻ ነበር የቆረጠው። ክፋት የለውም፣ ተሳስቶ ነው። ግን ቪዲዮው ከመለቀቁ በፊት "ሁለተኛውስ?" ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ካርቶኖቹን ሳገላብጥ የገባኝ ዋናው ነገር ይሄ ነው። እነዚህን መጽሔቶች የጻፏቸው ጋዜጠኞች አይደሉም። ጥቂት አዘጋጆች አሉ፣ የቀረው የአንባቢ ጽሑፍ ነው። ጥርስ ሐኪም፣ የፖስታ ሠራተኛ፣ የሒሳብ መምህር። ሰውዬው 15 ዓመት ቤዝመንቱ ውስጥ የለፋበትን ጽፎ ይልካል። አዘጋጁ ይመልስለታል። ኩርባው ስንት ነው? ዳገቱ በመቶ ስንት ነው? ይህ ፎቶ ጨልሟል፣ ድገመው። ሠዓሊው የሐዲዱን ፕላን ከሰውዬው ጭረት ላይ አጥርቶ ይሥለዋል። ከዚያ ይከፈለዋል፣ ይታተማል።

ስለዚህ አንድ አንባቢ ሲቀር የሚቀረው ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ነገ ሊጽፍ የሚችለው ሰውም አብሮ ይቀራል። ሌላ መጽሔት እንዲህ አይደለም። የዜና መጽሔት አንባቢ ቢያጣ ጋዜጠኛ ይቀንሳል። ይሄኛው አንባቢ ሲያጣ የሚናገረውን ያጣል።

ጆን አለን የሚባል ሰው ነበር፣ ካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ውስጥ። ሙያው ፎቶ ማንሳት ነው። ቤቱ ስር ተራራና ገደል የሞላበት የባቡር ዓለም ሠራ። በ1973 ጥር ሞተ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቤቱ ተቃጠለና የሠራው ሁሉ ወደመ። ዛሬ ግን ይህን ሥራ የማያውቅ ሞዴል ሠሪ የለም ማለት ይቻላል። የተረፈው በየመጽሔቱ በታተሙት ፎቶዎቹና ጽሑፎቹ ነው። ጋራዤ ውስጥ ሰባት ስምንቱ አሉ። ሳያቸው ሰውየው አጠገቤ ቆሞ የሚያስረዳኝ ይመስለኛል።

ፒክሰል

ሐዲድ፣ የዲኮደሩ ነገር አሳዘነኝ፣ በተለይ ከልጅህ መሆኑ። የቀለበቱን ጉዳይ አላውቅም ነበር፣ ጣውላዬ ላይ ልሠራ አስቤ ነበርና አተረፍከኝ።

ግን አንድ ነገር ልጨምር። አርታዒ መኖሩና ወረቀት መሆኑ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ሞዴል ሬይልሮድ ሆቢስት የሚባል አለ፣ በ2009 በነጻ ኢንተርኔት ላይ ጀመረ። አርታዒ አለው፣ ፕላን ይሥላሉ፣ ጽሑፉ የአንባቢ ነው። ወረቀት የለም። ስለዚህ ይቻላል። ጥያቄው ለአርታዒው ማን ይከፍላል ነው። እኔ እስካሁን አልከፈልኩም። ይሄን ስጽፍ ነው ያስተዋልኩት።

ቀለም_ነኪ (አዲስ አበባ)

ስለ ሞዴል ባቡር ምንም አላውቅም። ማተሚያ ቤት ግን 22 ዓመት ሠርቻለሁ። ከአሳታሚው ወገን ያለውን ልበል።

ሰው የሚያስበው 100 ሺህ ቅጂ ወደ 50 ሺህ ሲወርድ ወጪውም በግማሽ ይወርዳል ብሎ ነው። አይወርድም። ፕሌቱ፣ ማለትም የማተሚያው ሰሌዳ፣ ያው ፕሌት ነው። ማሽኑን ለማስተካከል የሚበላሸው ወረቀት ያው ነው። የአርታዒው ደመወዝ ያው ነው። ያ ሁሉ አሁን ለ50 ሺህ ቅጂ ይካፈላል። ስለዚህ የአንዱ ቅጂ ዋጋ ይንራል። አሳታሚው ዋጋ ይጨምራል ወይም ገጽ ይቀንሳል፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም። ያን ጊዜ ሲያመነታ የነበረው አንባቢ ይሄዳል። እንደገና ይካፈላል። ይህን ዑደት እኛም አገር ስንት መጽሔት ላይ አይቼዋለሁ።

ሌላው፣ ቅጂና አንባቢ አንድ አይደለም። አራት ኪሎ ጋዜጣ በኪራይ ይነበብ የነበረበትን ጊዜ የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ። አንዱ ቅጂ በቀን ስንት ሰው እጅ ይገባ ነበር። የጎረቤትህም መጽሔት አንተን አስተምሯል፣ አንተ ግን በዚያ ቅጽ ላይ አልተቆጠርክም።

የከዚራ_ልጅ (ድሬዳዋ)

ሐዲድ ወንድሜ፣ ሦስት ቀን ሳነብህ ቆይቼ ነው። አባቴ የድሬዳዋ የባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበር። ዕድሜ ልኩን እዚያው። ነፍሱን ይማረው። የሞዴል ባቡር የሚባል ነገር ለትልልቅ ሰዎች እንዳለ ካንተ ነው የሰማሁት።

ጥያቄ አለኝ። በነዚያ 14 ካርቶኖች ውስጥ ስለኛ ባቡር የተጻፈ አለ?

ሐዲድ87

እህቴ፣ አባትሽን ነፍስ ይማርልን። እስካሁን ዘጠኙን ካርቶን ነው የጨረስኩት። የለም። አንድም ገጽ አላገኘሁም።

የሚያሳዝነኝም ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ለሞዴል ሠሪ ከዚያ መስመር የተሻለ ነገር የለም። ከጅቡቲ በረሃ ተነስቶ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ አዲስ አበባ ሽቅብ የሚወጣ ነበር። 784 ኪሎ ሜትር። በ1902 ድሬዳዋን የወለደ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባ። በ87 እጥፍ ብታሳንሺው ጠቅላላው መስመር 9 ኪሎ ሜትር ነው። ሐምቡርግ ያለችው ጓደኛችን የነገረችን ቦታ ከዚያ የበለጠ ሐዲድ አለው። ማለትም ከባሕሩ እስከ ለገሃር ያለው በሙሉ እዚያ መጋዘን ውስጥ በገባ ነበር።

ለሌሎቻችሁ፦ የእኛ ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። ስለዚህ በኤችኦ መጠን፣ ማለትም በ87 እጥፍ ባነሰው፣ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ነው የሚያስፈልገው፣ እንደተለመደው 16.5 አይደለም። ይህ ሐዲድ ይሸጣል። ስዊዞች የተራራ ባቡሮቻቸው ሜትር ስፋት ስለሆኑ ቤሞ የሚባል ኩባንያ በዚህ መጠን ያመርታል። የሠረገላውን ግርጌ ከዚያ ወስዶ ላዩን መሥራት ይቻላል። የጎደለኝ መረጃ ነው። የፉርጎው ቁመት ስንት ነው፣ በሩ እንዴት ይከፈታል፣ ቀለሙ ምን ዓይነት ነው፣ ወርክሾፑ ጣሪያ ላይ መስኮቱ ስንት ነው። ኢንተርኔት ላይ ያሉት ፎቶዎች ቱሪስት ያነሳቸው ናቸው፣ ሁሉም ከፊት ለፊት።

የከዚራ_ልጅ

እኛ ጋ ፎቶ አለ። አባቴ ካሜራ ነበረው። ወርክሾፑ ውስጥ ያነሳቸው ብዙ ናቸው። ባቡሩ ተፈትቶ፣ ጎማው ለብቻ፣ ከሥር ገብተው ሲሠሩ። ጀርባው ላይ በፈረንሳይኛ ይጽፍበታል፣ ቁጥርም አለው፣ ምን እንደሆነ ግን አናውቅም። ወንድሜ ሊጥለው ነበር፣ እናቴ ከለከለች።

ሐዲድ87

ቁጥሩ የሠረገላው ቁጥር ወይም ልኩ ሊሆን ይችላል። እባክሽ እንዳይጣል። በእግዜር።

ከፈቀድሽ እንዲህ እናድርግ። አንቺ ፎቶዎቹን ስካን ታደርጊያለሽ፣ እኔ ፕላኑን እሥላለሁ፣ አንድ ፉርጎና የወርክሾፑን አንድ ክፍል እሠራለሁ። ከዚያ ጽፈን ለመጽሔቱ እንልካለን። ፎቶው የአባትሽ ነው ተብሎ በስሙ ይወጣል። ባይቀበሉት ሌላ መጽሔት ጋ እንልካለን፣ በእንግሊዝም አለ፣ ፒክሰል ያለው ኢንተርኔት ላይም አለ።

ፒክሰል

የጣሪያውን መስኮት እኔ ነድፌ ላትመው እችላለሁ። ልኩን ብቻ ስጡኝ። ክፍያ የለውም።

ማታ_ፈረቃ

እንግሊዝኛውን ላርመው። ፈረቃዬ ካለቀ በኋላ ጊዜ አለኝ። ልክ እንደ አዘጋጅ እየጠየቅኩ ነው የማርመው፣ እንዳትቀየሙ።

የከዚራ_ልጅ

ቅዳሜ እናቴ ጋ እሄዳለሁ። ሳጥኑ ቁም ሳጥኑ ላይ ነው፣ ሰው ይዤ ነው የማወርደው። እንዴት ነው ስካን የማደርገው?

ሐዲድ87

የስካነሩን ጥራት በ600 ዲፒአይ አድርጊው። ፊቱንም ጀርባውንም፣ እያንዳንዱን ለብቻ። በፎቶው ላይ የምታውቂው ሰው ካለ ስሙን ለብቻ ወረቀት ላይ ጻፊ፣ ፎቶው ላይ እንዳትጽፊ። እናትሽንም አጠገብሽ አስቀምጪና ጠይቂያት።